የመቆም ትምህርት

ከዮጋ አቋቋሞች ሁሉ ቀላሉ፣ ለተመልካችም ምንም ያልተሠራበት የሚመስለው፣ «ታዳሳና» የሚባለው ነው። «ታዳ» በሳንስክሪት ተራራ ማለት ነውና የተራራ አቋቋም ብንለው ያስኬዳል። «ሳማስቲቲ» የሚል ሌላ ስምም አለው፤ ተካክሎ መቆም እንደ ማለት ነው። ሁለት እግርን አጋጥሞ፣ እጅን በጎን አውርዶ፣ ፊት ለፊት እያዩ መቆም። ይኸው ነው። ከአልጋው የተነሣ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነገር ትምህርት ብሎ መያዝ መጀመሪያ ለሰማው ቀልድ ይመስላል። በአገራችን ዮጋ ይበልጡን የአዲስ አበባ ነገር ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 የወሰነው ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀንም በየዓመቱ ሰኔ አጋማሽ ላይ በህንድ ኤምባሲ አስተባባሪነት የሚከበረው እዚያ ነው። እኔ ግን ነዋሪነቴ አሶሳ በመሆኑ፣ በወንበር ብዛት የጎበጠ ጀርባዬን ላቃና ብዬ መምህሬን ከመጽሐፍ ውስጥ ፈለግሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የጠበቀኝም ይህ «ዝም ብሎ መቆም» ነበር።

ሲጀምሩት ግን ዝም ብሎ መቆም አይደለም። ክብደት ለሁለቱ እግሮች እኩል ይከፈል፤ በአንዱ እግር ውስጥም እንደገና በተረከዙና በአውራ ጣት ሥር ባለው ሥጋ መካከል፣ በውስጥና በውጭ ጠርዝ መካከል እኩል ይከፈል። የጉልበት ሎሚ ወደ ላይ ይሳብ፤ ጉልበቱ ግን ወደ ኋላ ተገፍቶ አይቆለፍ። ጭን ይጥበቅ። ዳሌ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይጋደል። ደረት ይከፈት እንጂ አይነፋ፤ ትከሻ ከጆሮ ይራቅ። ጆሮ በትከሻ፣ ትከሻ በዳሌ፣ ዳሌ በቁርጭምጭሚት ላይ፣ ግንበኛ ቱምቢ ጥሎ እንደለካው ግድግዳ በአንድ መሥመር ይዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን እስትንፋስ አይታገት።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰውነት ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት የታመነ አይደለም። ለዓመታት ወደ ቀኝ ያጋደለ ሰው፣ ቀና ሲያደርጉት ወደ ግራ የወደቀ ይመስለዋል። ጠማማነት ሲቆይ ለባለቤቱ ቀጥተኛነት ይሆናል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ መቆም የሚሻ ሰው ሁሉ ከራሱ ውጪ የሆነ ምስክር ያስፈልገዋል። እኔም የመቆምን ታሪክ ሳነብ ቆይቼ የገባኝ፣ ታሪኩ በአብዛኛው የዚያ ምስክር ታሪክ መሆኑ ነው።

በዘመናችን ይህን ምስክርነት ከማንም በላይ አጥብቆ የፈለገ ሰው የህንዱ ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 በዛሬው የካርናታካ ግዛት ተወለደ፤ በልጅነቱ ወባውም፣ ሳንባ ነቀርሳውም፣ ታይፎይዱም ተፈራርቀውበት ሰውነቱ የደቀቀ ነበር። በ1934 ማይሶር ወደሚኖረው የእኅቱ ባል ዘንድ ሄደ፤ ይህ ሰው ክሪሽናማቻርያ ነው፤ በማይሶር ንጉሥ ቤተ መንግሥት ውስጥ ዮጋ ያስተምር የነበረው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አየንጋር ራሱ በፑና ከተማ መምህር ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዝኛ ያሳተመው መጽሐፉም በዓለም ዞረ። መጽሐፉ የአቋቋሞችን ቁጥር የሚጀምረው በታዳሳና ነው። እዚያም አንባቢውን ወደ ጫማው ይመራዋል፤ የአንዱ ጫማ ተረከዝ ከሌላው ቀድሞ፣ ወይም ከአንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ከተገኘ፣ ባለቤቱ ክብደቱን እንዴት እያዛባ እንደሚቆም ጫማው ይናገራል። ይህን ለማወቅ ህንድ ድረስ መሄድ አያሻም። በየጥላው ሥር የሚቀመጥ ጫማ ሰፊ የደንበኞቹን አቋቋም ከፊታቸው ይልቅ በተረከዛቸው ያውቀዋል።

አየንጋር በዚህ አልተወሰነም። ግድግዳን፣ ገመድን፣ ወንበርንና ከእንጨት የተቆረጠ ጡብን ወደ ትምህርቱ አስገባ። «ትሪኮናሳና» የሚባለውን የሦስት ማዕዘን አቋቋም እንውሰድ። እግሮች በሰፊው ይከፈታሉ፤ የፊተኛው እግር ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ይዞራል፤ የኋለኛው በትንሹ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የፊተኛው ተረከዝ ከኋለኛው እግር የውስጥ ጎድጓዳ ጋር በአንድ መሥመር ይውላል። ከዚያ ወገብ ሳይሰበር ግንዱ ወደ ጎን ይዘነበላል፤ አንድ እጅ ወደ መሬት፣ አንዱ ወደ ሰማይ። ጀማሪ ሁሉ መሬቱን ለመንካት ይቸኩላል፤ እጁ መሬት ሲደርስ ግን ዳሌው ወደ ኋላ አምልጦ፣ ደረቱ ወደ መሬት ዞሮ ይገኛል። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ የሚሠራ ሰው ግን አይታለልም፤ ትከሻው ግድግዳውን የለቀቀች ዕለት ያውቀዋል። እጁ መሬት ካልደረሰ ከሥሩ የእንጨት ጡብ ይቆምለታል። ግድግዳ አይቆጣም፣ አያሞግስምም።

ስለ ዮጋ ሲነሣ «አምስት ሺህ ዓመት የኖረ ጥበብ» ማለት የተለመደ ነው። ስለ ማሰላሰሉና ስለ እስትንፋሱ የሚባለውን ለሌላ ቀን እንተወው፤ ቆመው የሚሠሩት አቋቋሞች ግን በዚህ መልካቸው እንዲህ ያረጁ አይደሉም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው «ሀታ ዮጋ ፕራዲፒካ» የሚዘረዝራቸው 15 አሳናዎች በአብዛኛው ተቀምጠው ወይም ተኝተው የሚሠሩ ናቸው። ከእርሱ በኋላ የመጣው «ጌራንዳ ሳምሂታ» ከ32ቱ መካከል በአንድ እግር የሚቆሙበትን የዛፍ አቋቋም አስገብቷል። የዛሬው ረጅም የቋሚዎች ተርታ የተሰናዳው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ፣ ከማይሶር ቤተ መንግሥት ባልራቀ ዘመንና ስፍራ ነው። ማርክ ሲንግልተን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዚያ ወቅት የአውሮፓ ጂምናስቲክና የወታደር ቤት ሥልጠና ከህንድ ልማድ ጋር እንደተዋሐደ አስረድቷል። ከአውሮፓው ጂምናስቲክ ዋነኛው ደግሞ የስዊድኑ ፔር ሄንሪክ ሊንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1813 በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ተቋም ያቋቋመው። ትምህርቱ በቅኝ ገዢዎች በኩል ወደ ህንድ ትምህርት ቤቶች ገብቶ ነበር። ይህን ማወቄ ከታዳሳና ምንም አላጎደለብኝም፤ ነገር የሚከበረው ስላረጀ ብቻ አይደለምና።

የስዊድን ነገር ከተነሣ ወደ አገራችንም ደርሷል። በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ በቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ዘመናዊው ወታደርና ዘመናዊው ተማሪ አብረው የወረሱት አቋቋም አለ፤ ባንዲራ ሲሰቀል ያደግን ሁሉ የምናውቀው «ተጠንቀቅ!»። ተረከዝ ከተረከዝ ይጋጠማል፣ እጅ ከጎን ይጣበቃል፣ ዓይን ወደ ፊት። ለሩቅ ተመልካች ታዳሳና ነው። ቃሉን ግን ልብ በሉት፤ አንዱ «ተካከል» ሲል፣ ሌላው «ተጠንቀቅ» ይላል። የተጠነቀቀ ሰው ደረቱ ይነፋል፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ትንፋሹ ይታገታል። ምስክሩ ከውጭ ነው፤ ነገር ግን ይህ ምስክር አለቃ ነው።

ከዚያ በፊትስ እንዴት እንቆም ነበር? በጌታ ፊት የቆመ ሰው ቀጥ ብሎ አልቆመም። ነጠላውን አደግድጎ፣ እጅ ነሥቶ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነበር የሚቆመው። ደጅ የሚጠና ሰው ወራትና ዓመታት የቆመው በዚህ አኳኋን ነው። ቀጥ ማለት ድፍረት ነበር፤ «ደረቱን ነፍቶ» የሚለው አነጋገራችን ዛሬም ምስጋና አይደለም።

ቀጥ ማለት ያልተከለከለበት አንድ ስፍራ ግን ነበር፤ ጸሎት። እ.ኤ.አ. በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩትን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ማን ያልሰማ አለ? በደብረ አስቦ፣ ኋላ ደብረ ሊባኖስ በተባለው ገዳም፣ ከዋሻ ገብተው ዓመታት ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው እንደተቆረጠ፣ በቀረው እግራቸውም 7 ዓመት እንደቆሙ ገድላቸው ይተርካል። ጥር 24 ቀን «ስባረ አጽሙ» ተብሎ የሚከበረው ይህ ነው። ሠዓሊዎቻችን ክንፍ አውጥተው፣ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ የተቆረጠችውን እግር ከአጠገባቸው አድርገው ይሥሏቸዋል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ጦሮቹን ነው። ትውፊቱ እንደሚለው በዙሪያቸው 8 ጦሮች ተተክለው ነበር፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ ሁለት ከቀኝ፣ ሁለት ከግራ። የተዘነበለ ይወጋል። የአየንጋርን ግድግዳ ካወቅሁ በኋላ ያን ሥዕል ሳየው ጦሮቹ ሌላ ነገር ሆነውብኛል፤ አራቱም አቅጣጫ ምስክር ቆሞበታል።

ህንድም የዚህ ወንድም አላት። በደቡብ ህንድ፣ በማሃባሊፑራም፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን በአለት ላይ በተቀረጸ ታላቅ ትዕይንት ውስጥ አንድ ባሕታዊ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ በአንድ እግሩ ቆሟል። ከእርሱ በታች አንድ ድመት ባሕታዊውን አስመስሎ በኋላ እግሩ ቆሟል፤ አይጦችም ተማምነው ከበውታል። ቀራጩ የታመነ ሰው ነበር፤ ቅዱስ አቋቋም ለማታለያም እንደሚሆን ቀድሞ አይቶታል። ከማይሶር ብዙም በማይርቀው በሽራቫናቤላጎላ ደግሞ በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአንድ አለት የተፈለፈለ፣ 17 ሜትር ገደማ የሚረዝም የጃይን ቅዱስ ሐውልት አለ። እጁን በጎኑ አውርዶ ቀጥ ብሎ ከመቆሙ ብዛት ሐረግ በእግሩና በክንዱ ላይ ወጥቶበታል። ማይሶር ላይ ታዳሳናን የተማሩት ልጆች ይህን ሐውልት እንደ ጎረቤት ተራራ የሚያዩት አገር ልጆች ነበሩ።

ሆኖም የገድል መቆም ለቅዱሳን ነው፤ ለተማሪ የሚሆነው ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከዜማ ትምህርቶቿ አንዱን ያለ ሌላ ማብራሪያ «አቋቋም» ብላ ጠርታዋለች። ተማሪው ከቁም ዜማ ጀምሮ በዝማሜ፣ በመረግድና በጽፋት ያልፋል፤ የት ላይ እንደሚዘነበል፣ መቋሚያው መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚወርድ፣ እግር ከከበሮ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ለዓመታት ይማራል። ማስመስከሪያው ጎንደር በዓታ ነው፤ ደብረ ታቦርም የተክሌ አቋቋም የሚባለውን ይዛለች። መቋሚያ የሚለውን ስም እንየው፤ የመቆሚያ መሣሪያ ማለት ነው። ማኅሌት ቆሞ የሚያድር ሊቅ ይደገፍበታል፣ ይዘምምበታል፣ ሥርዓቱን ይለካበታል። አየንጋር እንጨት ቆርጦ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲያስገባ አዲስ ነገር የሠራ መስሎ ተወርቶለታል፤ ጎንደር ብትሰማ ፈገግ ትል ነበር። ካህናቱም በቀኝና በግራ ተሰልፈው ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ የአንዱ ረድፍ መዛነፍ ለሌላው ረድፍ ይታያል።

እኔ በምኖርበት በአሶሳ ዙሪያ ደግሞ ነባሮቹ በርታዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። እስልምናው በሱዳን በኩል፣ በነጋዴና በሼክ እግር የመጣ ነው። ሶላት ሊጀመር ሲል ኢማሙ ዘወር ብሎ «ሶፋችሁን አስተካክሉ» ይላል፤ ትከሻ ከትከሻ፣ እግር ከእግር ይገጥማል። እዚህ ጦርም ግድግዳም የለም። ምስክሩ የጎረቤት ትከሻ ነው። ባለጸጋው ከዕለት ሠራተኛው ግማሽ እርምጃ ቀድሞ መቆም አይችልም፤ መሥመሩ ይከለክለዋል። በቤተ መንግሥት ደጅ ከነበረው አቋቋም ጋር ለሚያስተያይ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይሁንና በዚህ ክልል ውስጥ ካየኋቸው አቋቋሞች ሁሉ ለታዳሳና የቀረበው በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም አይደለም፤ በመንገድ ላይ ነው። በካማሺና በመተከል የጉሙዝ ሴቶች ሸክማቸውን በጀርባቸው አያዝሉም። አንድ ዘንግ በአንድ ትከሻ ላይ ይጋደማል፤ ሸክሙ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ከፊት ግማሹ ከኋላ፣ በዘንጉ ሁለት ጫፎች ይንጠለጠላል። እንጨትም፣ እህልም፣ ውኃም እንዲሁ ነው። አንዱ ወገን ከከበደ ዘንጉ ትንሽ ይገፋና ትከሻው ወደ ከባዱ ጫፍ ይቀርባል፤ ሚዛኑ ይመለሳል። ተሸካሚዋ ብትጎነበስ የፊቱ ሸክም መሬት ይነካል፤ ብታዘነብል ሁለቱም ይወዛወዛሉ። ስለዚህ አትጎነበስም። አንገቷ ረዝሞ፣ ደረቷ ሳይነፋ ተከፍቶ፣ እርምጃዋ አጭርና እኩል ሆኖ ትሄዳለች። ያ ሁሉ የመጽሐፍ ትእዛዝ በአንድ ዘንግ ውስጥ አለ፤ ያውም ቆሞ ብቻ ሳይሆን እየሄዱ። በህንድም «ካንዋር» የሚባል እንዲህ ያለ ዘንግ አለ፤ የሺቫ ምእመናን የጋንጅስን ውኃ በሁለት ጫፉ አንጠልጥለው በእግር ይጓዙበታል።

ደጋው ሌላ ነው። የእኛ እናቶች እንስራን በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው ከምንጭ ዳገት ወጡ፤ የእንጦጦ ሴቶች ከቁመታቸው የረዘመ የባሕር ዛፍ ጭነት አዝለው፣ ፊታቸው ከጉልበታቸው ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው፣ ቁልቁል ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። ያ ሸክም የሚያውቀው ጀርባን ብቻ ነው፤ ከፊት የሚመልስለት ሚዛን የለም። ሚዛኑ የሚገኘው በመጎንበስ ነው። ዘንጉ ያለ ዋጋ ነው እያልኩ አይደለም፤ በአንድ ትከሻ የሚውል ሸክም ትከሻን ያቆስላል፣ ለዚህም ነው ከቀኝ ወደ ግራ የሚቀያየረው። ከሁለቱ የትኛው አከርካሪን እንደሚያተርፍ ለማወቅ ግን ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የሰባ ዓመት አሮጊቶችን ማየት ይበቃል።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይመራል። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ዘምተው ቤኒሻንጉልን ወደ ምኒልክ ግዛት ካስገቡ በኋላ የአካባቢው ሼኮች ግብራቸውን በወርቅ ከፈሉ፤ ከእነርሱም ኃያል የሆኑት የአሶሳው ሼክ ሆጀሌ አልሐሰን አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ግቢ ነበራቸው። ከወርቁ ጋር ሰውም ተሸጠ፣ ሰውም ተገበረ። ከጉሙዝ፣ ከማኦ፣ ከኮሞና ከበርታ ድሆች መንደር የተነጠቁት ልጆች በሱዳንም በደጋም ቤት አገልጋይ ሆኑ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ ቁርጠኛው አዋጅ የወጣው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ለእነዚህ ሕዝቦች ሁሉ ደገኛው አንድ የንቀት ስም አውጥቶ ነበር፤ ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ አልደግመውም። በዚያ ስም ውስጥ ከታጨቀው ነገር አንዱ «ያልሠለጠነ» የሚለው ነው። በጌታ ፊት አንገቱን ሰብሮ የሚቆም፣ ሚስቱም ከእንስራ ሥር የጎበጠች ሰው፣ ሚዛንን በትከሻዋ ተሸክማ ቀጥ ብላ የምትሄደውን ሴት ያልሠለጠነች ይላት ነበር ማለት ነው። ወደ ደጋው የተወሰደችው የጉሙዝ ልጅም በጌታዋ ቤት ዘንጓን አላገኘችም፤ የተሰጣት እንስራና ገመድ ነው።

በደርግ ዘመን፣ በተለይም ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ፣ ከወሎና ከሌላም ስፍራ ብዙ ሺህ ሰው ወደ አሶሳና ወደ መተከል መጥቶ ሰፈረ። ሁለቱ የሸክም ሥርዓቶችም በአንድ ወረዳ መንገድ ላይ ተገናኙ። መንደርተኛው ቋንቋ ተማማረ፣ ተጋባ፣ በመጥፎ ዓመታትም ተጋጨ፤ በ2013 ዓ.ም. በመተከል የፈሰሰው ደም ገና አልደረቀም። ሸክም ግን እስከ ዛሬ በየወገኑ ነው። ከደገኛዋ ልጅ ጀርባ ላይ ዘንግ ወደ ትከሻ የወጣበትን ቀን አላየሁም፤ የጉሙዝ እናትም ለልጇ የምታስተምረው ዘንጉን ነው።

እንስራው አሁን በቢጫ ጀሪካን ተተክቷል፤ ብዙውን ጭነትም አህያና ባጃጅ ወስዶታል። ዘንጉ ግን ጀሪካኑንም ተቀብሎታል፤ አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ መኪና እስኪያልፍ ይቆማሉ። ሸክሙን አያወርዱም። ጭንቅላት ዝቅ ይልና ዘንጉ በማጅራት በኩል ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ይተላለፋል፤ ሁለቱ ጀሪካኖች አንድ ጊዜ ይወዛወዙና ይረጋሉ፤ መኪናውም አልፎ ይሆናል።